የፖሊሲስቲክ ኩላሊት ሕመም አካላዊ ምርመራ

ፖሊሲስቲክ የኩላሊት ሕመም በዘር ከሚተላለፉት የኩላሊት ሕመሞች በብዛት የሚታየው ነው። በሁለቱም ኩላሊቶች ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች፣ ማለትም ሲስቶች፣ ከዓመት ዓመት እየበዙና እያደጉ ይሄዳሉ። አብዛኛው ሰው ላይ መነሻው በ16ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ፒኬዲ1 ጂን ሲሆን፣ በ4ኛው ላይ ያለው ፒኬዲ2 ይከተላል። ከወላጆቹ አንዱ የታመመበት ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።

ምርመራው ከሆድ በፊት ከክንድ ቢጀምር ይሻላል። የደም ግፊት ኩላሊቱ የማጣራት አቅሙን ከማጣቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ ሊጨምር ይችላል፤ በወጣትነት ሊገኝ የሚችለው ብቸኛ ምልክትም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ታካሚው ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር 5 ደቂቃ ካረፈ በኋላ በሁለቱም ክንዶች ይለካል። ለወፍራም ክንድ ጠባብ የግፊት መለኪያ መጠቅለያ ከተጠቀሙ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። ለዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ለማጣራት) ፊስቱላ፣ ማለትም የደም ቅዳና የደም መልስ ሥር መገናኛ፣ የተሠራበት ክንድ ላይ ግን ግፊት አይለካም። እዚያ ላይ ጣት ሲያርፍ ንዝረት ሊሰማ ይገባል፤ ከጠፋ ፊስቱላው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት መታየት አለበት።

ለሆድ ምርመራ ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን በመጠኑ ያጥፋል። ቀኝ ኩላሊትን ለመዳሰስ የመርማሪው ግራ እጅ ከበስተጀርባ፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ መካከል ይገባል፤ ቀኝ እጅ ከፊት ከጎን አጥንቶች በታች ያርፋል። ታካሚው ትንፋሹን በጥልቀት ሲስብ ኩላሊቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ የኋላው እጅ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሲገፋው የፊተኛው እጅ ይቀበለዋል። ጤነኛ ኩላሊት ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር ሲሆን በአብዛኛው ሰው ላይ በእጅ አይገኝም። የታመመው ከ20 ሊበልጥ ይችላል፤ ገጹም እንደ ወይን ዘለላ ጉብታ ጉብታ ይላል። በኃይል መጫን አይገባም፤ ሲስት ሊፈነዳና ሽንቱ ደም ሊቀላቅል ይችላል።

በግራ በኩል ትልቁ ስህተት ኩላሊትን ከጣፊያ ጋር ማምታታት ነው። በጣፊያና በጎን አጥንቶች መካከል ጣት አይገባም፤ ከላይዋ በጣት ሲመታ ድምፁ ድፍን ነው፤ ስታድግም ወደ እምብርትና ወደ ቀኝ ብሽሽት አቅጣጫ ታዘነብላለች። ከኩላሊት በላይ ግን ጣት ያልፋል። ከፊቱ አየር ያለበት አንጀት ስለሚተኛም ድምፁ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ ኩላሊቱ በጣም ሲያድግ ግን አንጀቱን ስለሚገፋ በድምፅ ብቻ መወሰን ያሳስታል።

ጉበትም ሲስት ሊይዝና ሊያብጥ ይችላል፤ ሥራው ግን እምብዛም አይጓደልምና ዓይን ቢጫ ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ ነው። የእምብርትና የብሽሽት ሄርኒያ፣ ማለትም በሆድ ግድግዳ ክፍተት ወደ ውጭ የሚገፋ እብጠት፣ በተኛ ሰው ላይ ስለሚያመልጥ ታካሚውን አቁሞ እንዲያስል ማድረግ ያስፈልጋል። በስቴቶስኮፕ ከግራ ጡት በታች በልብ ምት መካከል "ጠቅ" የሚል ድምፅ ከተሰማ በልብ ግራ ክፍሎች መካከል ያለው ሚትራል ቫልቭ ወደ ኋላ እየተቀለበሰ ሊሆን ይችላል።

ትኩሳት ካለና ታካሚው አንድ ነጥብ ላይ ጠቁሞ "እዚህ ነው" ካለ የሲስት ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ሲስቱ ከሽንት መስመር ጋር ላይገናኝ ስለሚችል ሽንቱ ንጹሕ መሆኑ ጥርጣሬውን አያስቀርም።

ድንገት የመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ወይም አንዱ የዓይን ብሌን ሰፍቶ የዓይን ቆቡ መውደቁ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚህ ሕመም የአንጎል ደም ሥር እብጠት ከሌላው ሰው በበለጠ ስለሚያጋጥም፣ በተለይ በቤተሰቡ ይህ የደረሰበት ሰው ካለ፣ ታካሚው ወዲያው ለሲቲ ስካን ይላካል።