ባለቢጫ ምንቃር ዳክዬ ምንድን ነው?

ወዳጅነት ፓርክ ሐይቅ ዳር ወይም በአንዱ ሆቴል ግቢ ኩሬ አጠገብ ቆማችሁ ዳክዬ ብታዩ፣ መጀመሪያ የቤት ይሁን የዱር ለዩ። ነጭ ጣል ጣል ያለበት፣ ሆዱ ወደ መሬት የከበደ፣ ዳቦ ፍለጋ ወደ ሰው የሚመጣ ከሆነ የቤት ነው ማለት ይቻላል። የዱር ከሆነ ግን በደጋው አገራችን ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ባለቢጫ ምንቃሩ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አናስ ኡንዱላታ ሲሆን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ይኖራል።

ስትለዩት ከሰውነቱ ቀለም አትጀምሩ። ከሩቅ ግራጫማ ቡናማ ነው፤ በደመና ጠቁሮ፣ በፀሐይ ነጥቶ ይታያል። ምንቃሩን ፈልጉ። ደማቅ ቢጫ ነው፣ በላዩ መሃል ለመሃል ጥቁር መስመር ይወርዳል፣ ጫፉም ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለ። ቢጫው ብቻውን አይበቃም፤ የቤት ዳክዬም ቢጫ ምንቃር ሊኖረው ይችላልና ጥቁሩን መስመር ሳታዩ አትወስኑ። ጭቃ ሲቆፍር የቆየ ወፍ ምንቃሩ ጠቁሮ ሊያሳስታችሁ ስለሚችል ታጥቦ እስኪወጣ ጠብቁ። ቀረብ ካላችሁ እያንዳንዱ የደረት ላባ መሃሉ ጥቁር ቡናማ፣ ጠርዙ የነጣ መሆኑን ታያላችሁ። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም፤ በድምፅ ግን ይለያሉ። ጮክ ብላ "ኳክ ኳክ" የምትለው ሴቷ ናት።

ሲበር ክንፉ ላይ በነጭና በጥቁር የተከበበ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ቀለም ይወጣል። በደቡብ አፍሪካ ያሉት ዘመዶቹ አረንጓዴ ሲሆኑ የእኛዎቹ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ይሁን እንጂ በጅረት ዳር የሚኖረው ጥቁሩ የአፍሪካ ዳክዬም በክንፉ ላይ ተመሳሳይ ቀለም አለው። እሱን የሚለዩት ጀርባው ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች፣ ብርቱካናማ እግሮቹና ቢጫ ያልሆነው ምንቃሩ ናቸው። ቀይ ምንቃሩ ዳክዬ ደግሞ አናቱ ጥቁር፣ ጉንጩ ነጣ ያለ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች ስለሚቀላቀሉ በእነዚህ ወራት ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ይህ ዳክዬ ከውሃው ገጽ ከሚለቅሙት ወገን ነው፤ ለምግብ ብሎ ጠልቆ የሚዋኝ አይደለም። ጥልቀት ባለው ቦታ አንገቱን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ጅራቱን ወደ ላይ አቁሞ፣ ሥሮችን፣ የውሃ ተክሎችንና ትንንሽ ነፍሳትን ይፈልጋል። በምንቃሩ ውስጠኛ ጠርዝ እንደ ሚዶ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን ማጥለያዎች ውሃውን አስወጥተው ምግቡን ያስቀራሉ። እግሮቹ ወደ ሰውነቱ መሃል ስለሆኑ መሬት ላይ ደህና ይራመዳል፤ ሲደነግጥም ሳይንደረደር ከውሃው ብድግ ብሎ ይነሳል። ጠላቂዎቹ ዳክዬዎች ግን እግራቸው ወደ ኋላ ስለሆነ ለመነሳት በውሃው ላይ መሮጥ አለባቸው። ከሩቅ ምንቃር በማይታይበት ጊዜ ይህ አነሳስ ብዙ ይረዳል።

ከመሃል ከተማ ወጥቶ በደንብ ለማየት በአምቦ መንገድ ያለው ገፈርሳ ግድብ ይመረጣል። ጠዋት ከምሥራቁ ዳር ቁሙ፤ ፀሐይዋ ከኋላችሁ ሆና ምንቃሩን ታበራላችኋለች። ስትቆጥሩ ጅራት ብቻ የሚታዩትን ወፎች እስኪቃኑ ጠብቁ። አንገታቸውን አቅንተው መልቀም ካቆሙ በጣም ቀርባችኋል፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። ጎጇቸው ውሃ አጠገብ ባለ ጥቅጥቅ ሣር ውስጥ መሬት ላይ ስለሆነ ሣሩ ውስጥ አትግቡ።

የቤት ዳክዬ ያላችሁ ደግሞ ወደ ግድብም ወደ ወንዝም አትልቀቁ። በደቡብ አፍሪካ ከውጭ የገባው አረንጓዴ ራስ ዳክዬ ከባለቢጫ ምንቃሩ ጋር እየተዳቀለ የአገሩን ዝርያ አስጊ ሁኔታ ላይ ጥሏል፤ አብዛኛው የቤት ዳክዬ የሚወለደውም ከዚያው አረንጓዴ ራስ ዳክዬ ነው። ድቅሉ ምንቃሩ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቢጫ፣ ጥቁር መስመሩ የደበዘዘ፣ አንዳንዴም የጅራቱ ላባ ወደ ላይ የተጠቀለለ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ወፍ በባለቢጫ ምንቃር ስም አትመዝግቡ፤ ፎቶ አንስታችሁ "ድቅል ሳይሆን አይቀርም" ብላችሁ ለብቻ ጻፉት።