«ኦሪጅናል» ካርቡራተር ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ደንበኛችን ቮልሱ መብራት ላይ ስትቆም እየጠፋች አስቸግራው፣ «አዲስ ካርቡራተር ልግዛ ወይስ ያገለገለ?» ብሎ ጠየቀ። (ካርቡራተር ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ ነው።) እኔ አፌን ሳልከፍት አጠገቡ የቆመ ሰው ቀደመኝ። «አዲሱ ፎርጅድ ነው። ሶማሌ ተራ ሂድና ያገለገለ ኦሪጅናል ግዛ፤ ዐይንህን ጨፍነህ።»

ዐይንህን ጨፍነህ የምትለዋ ናት ያናደደችኝ። ስንተኛ ጊዜ እንደሰማኋት እንጃ።

ኦሪጅናል ማለት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለት ወይም ያው አምራች የሠራው ዕቃ ነው። በቃ። የት እንደተወለደ ይነግርሃል እንጂ ጤናውን አይነግርህም። 50 ዓመት የሠራ ሶሌክስ (የቮልስ ካርቡራተር ስም ነው) ኦሪጅናል ነው። ልቡ የደከመም ሊሆን ይችላል።

ያ መካሪ ሰው «አሮጌ ምጣድ ይሻላል» ብሎ ተከራከረኝ። ልክ ነው፣ የተሟሸ ምጣድ እንጀራ አይዝም። ግን የተሰነጠቀውም ምጣድ አሮጌ ነው። ካርቡራተር የሚሰነጠቀው ደግሞ ዘንጉ ጋ ነው። ነዳጅ በሰጠህ ቁጥር የአየሩን ክዳን የሚያዞረው ቀጭን ዘንግ፣ ከዓመታት በኋላ የተቀመጠበትን ቀዳዳ ይበላዋል። በዚያ በኩል ያልተለካ አየር ይገባል። አክንባሎው ካልገጠመ እንፋሎቱ በጎን እንደሚያመልጠው ማለት ነው። (እዚህ አየሩ ወደ ውስጥ ነው የሚሾልከው፤ ምሳሌዬ ተንገዳገደች፣ ግን አልለቃትም።) ያኔ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ ቀስ ብሎ መዞሩ፣ እምቢ ይላል። በቤንዚን አጥበህ እንደ መስታወት ብታብለጨልጨው የተበላ ብረት አይመለስም። አዲስ የመጠገኛ ኪትም አያድነውም፤ ኪት ውስጥ ያለው ጋስኬት፣ ዲያፍራም፣ የመርፌ ቫልቭና መሰል ነገር ነው። ለላላ ዘንግ መድኃኒቱ ቶርኖ ቤት ነው፤ ቀዳዳውን አስፍቶ ቡሽንግ (ዘንጉ የሚቀመጥበት ቀለበት) ማስገባት።

ሌላም አለ። ነዳጁን የምትለካው የነሐስ ጄት ላይ ቁጥር ተጽፏል። 127.5 ካለ ቀዳዳዋ 1.275 ሚሊ ሜትር ነው። ነበር ልበል እንጂ። ከአንተ በፊት ስንቱ በሽቦ ወግቷታል? ቁጥሩ ኦሪጅናል ነው፣ ቀዳዳው ግን የሰፈር መካኒክ ሥራ። (ጄት ሲደፈን በአየር ይነፋል እንጂ በሽቦ አይወጋም። ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ልናገረው።)

ታዲያ አዲስ ይሻላል? አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ አይጋገርበትም። አዲሱም ካርቡራተር መሟሸት አለበት፤ ይህን ደግሞ ሻጩም ገዢውም ይረሱታል። አብዛኛውን ጊዜ ጄቱ ለባሕር ጠለል አካባቢ የተመረጠ ነው። አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፤ ነዳጁን በለመደው መጠን ያወርዳል። ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ከዚያ «አዲሱ ቤንዚን ይጠጣል» ተብሎ ስሙ ይጠፋል። እኔ 127.5 ይዞ የመጣውን ወደ 120 አካባቢ አውርጄ ነው የምጀምረው፤ የመጨረሻውን የካንዴላው ቀለም ይወስናል። ድሬዳዋ የምትወርድ ከሆነ ግን ንገረኝ። እዚያ ለአዲስ አበባ የቀነሰ ጄት ድብልቁን ያሳሳዋል፤ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ የሳሳ ድብልቅ እሳት ነው።

ስለዚህ አዲስ ወይስ ያገለገለ ከማለትህ በፊት ዘንጉን በሁለት ጣት ይዘህ ወደ ላይ ወደ ታች ወዝውዘው። ኳ ኳ ካለ ኦሪጅናልነቱን ለሻጩ ተውለት። ጭራሽ ከዚያም በፊት ካንዴላና ዲስትሪቢዩተር ይታይ። በኮረንቲ ጥፋት ስንት ካርቡራተር ተፈትቶ አይቻለሁ።

ደንበኛችን ግን የዚያን ሰው ምክር ሰምቶ ሄደና በማግስቱ አንድ ሶሌክስ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ያብረቀርቃል። ወዘወዝኩት፤ እንደ ጥርስ ተነቃነቀ። «የድሮውስ የት አለ?» አልኩት። የቮልስ ሻንጣ ከፊት ነው፤ ከፈተና ከትርፍ ጎማው ሥር ጎትቶ አወጣው። ጥቁር፣ በቅባት የጨቀየ። ዘንጉን ያዝኩት። ንቅንቅ አላለም። ሲፈታ የተቀደደ ዲያፍራምና ድርቅ ብሎ የተሰባበረ ጋስኬት ተገኘ። ኪት ገዝቶ መጣ፣ ያንኑ የራሱን መልሰን ገጠምንለት። የጋዜጣው ሶሌክስ እስካሁን መደርደሪያችን ላይ ነው። ሻጩ አልመልስም ብሎታል፤ «ኦሪጅናል ነው'ኮ!» እያለ።