«የእስር ቤት ጄሪማንደሪንግ» ምንድን ነው? ገጠሩ ከከተማው የሰረቀው ድምፅ አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ አሜሪካዋ ክፍለ ግዛት ስለ ሜሪላንድ ፖለቲካ በአማርኛ ሲያብራራ፣ «የእስር ቤት ጄሪማንደሪንግ ማለት የገጠር ነጮች የባልቲሞርን ወጣት አስረው ኮንግረስ የሚገቡበት ዘዴ ነው» አለ፤ ባልቲሞር የሜሪላንድ ትልቋ ከተማ ናት። አድማጮቹ አብዛኞቹ እንደኔው የሜሪላንዷ የሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ነገ በምርጫ ሰልፍ ላይ ይህንኑ ለጎረቤታቸው ይነግራሉ። ቃሉን እንዲህ ሲጠቀሙበት ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ሥራዬ የሕዝብ ቆጠራ ሰንጠረዥንና የምርጫ ክልል ካርታን ማገጣጠም ስለሆነ ግን በየወሩ ከአንድ አቅጣጫ ይመጣብኛል።

ነገሩ ይህ ነው። ጄሪማንደሪንግ ማለት የምርጫ ክልልን መስመር ለአንድ ወገን እንዲያደላ አጣሞ ማስመር ነው። የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ በየአሥር ዓመቱ ኤፕሪል 1 ቀን እስረኛን የሚቆጥረው በሚያድርበት ማረሚያ ቤት ነው፤ ቤተሰቡ ባለበት ሰፈር አይደለም። የምርጫ ክልሎች በሕዝብ ብዛት እኩል እንዲሆኑ የሚሰመሩት ደግሞ በዚያ ቁጥር ነው። እስረኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይመርጥም። ስለዚህ ማረሚያ ቤት ያለበት ክልል ውስጥ የሚኖሩት ጥቂት መራጮች፣ ሌላው ክልል በብዙ መራጭ የሚያገኘውን ወንበር በጥቂት ድምፅ ያገኛሉ። ከዚህ ያለፈ ምስጢር የለውም።

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ መስመር ያጣመመ ተንኮለኛ መኖሩ ግዴታ አይደለም። ካርታ ሠሪው ንጹሕ ሰው ሆኖ፣ ቁጥሩን አክብሮ፣ በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ቢያሰምረውም ውጤቱ ያው ነው። ጥፋቱ መስመሩ ከመሰመሩ በፊት ቁጥሩ ውስጥ ገብቷል። «ጄሪማንደሪንግ» የሚለው ስም ሰውን የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ወዲያው ሌባ ፍለጋ ይወጣል።

በምሳሌ ልናገር። አምስት ምድብ ያለው ትልቅ እድር አለ እንበል። ምድቦቹ በአባላት ቁጥር እኩል መሆን አለባቸው፤ እያንዳንዱ ምድብም አንድ ሰው ለኮሚቴው ይመርጣል። በአንደኛው ምድብ ክልል ውስጥ የታወቀ ጠበል አለና ከሩቅ የመጣ ጠበልተኛ ወራት ይሰነብትበታል። መዝጋቢው በሌሊት ባትሪውን አብርቶ የተኛውን ሁሉ እየቆጠረ «የዚህ ምድብ አባል» ብሎ ይጽፋል። ምድቡ መቶ ሰው አለው ተባለ፤ ስልሳ አራቱ ጠበልተኛ ናቸው። ጠበልተኛው ወርኃዊ አይከፍልም፣ ስብሰባ አይገባም፣ እጅ አያወጣም። የቀሩት ሠላሳ ስድስት ሰዎች አንድ የኮሚቴ አባል ይልካሉ፤ ከጉብታው ማዶ ያለው ምድብ መቶ ሰው ይዞ እሱም አንድ ይልካል።

የተጎዳው ማን ነው? አስተያየት ሰጪያችን «የጠበልተኛው የትውልድ ቀዬ» ይላል። እሱም ጥቂት ጎድሎበታል፤ ነገር ግን ቀዬው ሰፊ ነው፣ ጉድለቱ በብዙ ሺህ ሰው ላይ ይበተናል። የባሰው ጉዳት ያለው ከጉብታው ማዶ ባለው ምድብ ላይ ነው። ከእነዚያ ሠላሳ ስድስት ሰዎች ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚቀብር፣ ለአንድ ድንኳን የሚያዋጣ፣ ድንኳኑ ማን ጋ ይቀመጥ በሚባልበት ጊዜ ግን ድምፁ ከጎረቤቱ በሦስት እጥፍ ገደማ ያነሰ ሰው ነው። ሠላሳ ስድስቱም ቢሆኑ ምንም አላደረጉም፤ ባትሪውን ያበራው መዝጋቢው ነው። ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ጠበልተኛ ወዶ ይመጣል፣ ሲሻለውም ይሄዳል። እስረኛን ግን መንግሥት ከምሥራቅ ጫፍ ወደ ምዕራብ ተራራ በአውቶቡስ ያዛውረዋል። ዝውውሩ ከኤፕሪል 1 በፊት ከሆነ ሰውየው በወረቀት ላይ ለአሥር ዓመት የተራራው ነዋሪ ሆኖ ይቀራል።

64 እና 36ን ከሜዳ አላነሳኋቸውም። ሜሪላንድ ውስጥ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ሶመርሴት የሚባል ትንሽ የገጠር ካውንቲ (ከክፍለ ግዛት በታች ያለ አስተዳደር) አለ። ክሪስፊልድ የምትባለው የሸርጣንና የኦይስተር ከተማ እዚያ ናት፤ በጀልባ ብቻ የሚደረስበት ስሚዝ ደሴትም የዚያው ካውንቲ ነው። በ1987 እዚያው ካውንቲ ውስጥ ዌስትኦቨር ላይ ኢስተርን የተባለው ትልቅ የክፍለ ግዛቱ ማረሚያ ቤት ተከፈተ። በ2000 ቆጠራ የካውንቲው ሕዝብ ከ25,000 ትንሽ ያነሰ ነበር። ካውንቲውን የሚያስተዳድሩ አምስት ኮሚሽነሮች በአምስት ክልል ይመረጣሉ፤ ለአንድ ክልል 5,000 ሰው ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ማረሚያ ቤቱ ደግሞ ከ3,000 በላይ ሰው ይዟል። ባንድ ክልል ውስጥ ሲወድቅ ከክልሉ ሕዝብ 64 በመቶው እስረኛ ሆነ።

ይባስ ብሎ ያ ክልል፣ አንደኛው ክልል፣ በ1980ዎቹ በመምረጥ መብት ክስ ምክንያት ጥቁሮች የሚበዙበት ተብሎ የተሰመረ ነበር። የካውንቲው ሕዝብ ከአምስት ሁለቱ ጥቁር ሆኖ ሳለ አንድም ጥቁር ኮሚሽነር ተመርጦ አያውቅምና ያን ለማቃናት ታስቦ ነው። ማረሚያ ቤቱ ሲሞላ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ብዙኃኑ ጥቁር እንደሆነ አሳየ፤ ከቁጥሩ ትልቁ ክፍል ግን ድምፅ የማይሰጥ እስረኛ ነበር። እንግዲህ የዌስትኦቨር ማረሚያ ቤት የጎዳው የሶመርሴትን የገጠር ጥቁር መራጭ ነው። ገጠር ሲባል ነጭ፣ ከተማ ሲባል ጥቁር የሚመስለው ሰው ይህን ታሪክ ጨርሶ አያየውም። (የመጀመሪያው ጥቁር ኮሚሽነር የተመረጠው በ2010 ነው። እስረኛን ወደ ቤቱ አድራሻ የሚመልሰው አዲሱ ሕግ፣ ወደ ታች የምመጣበት፣ ካርታውን ሳይነካው በፊት ስለሆነ «ሕጉ አስመረጠው» ብላችሁ አትጻፉ፤ ይህንንም ስሕተት አንብቤያለሁ።)

አሁን ወደ ኮንግረስ እንሂድ፣ ሰውየው የጮኸው ስለሱ ነውና። በ2020 ቆጠራ ሜሪላንድ 6,177,224 ሰው ነበራት፤ የኮንግረስ ወንበሯ ስምንት ነው። ለአንድ ወንበር 772,000 ሰው ገደማ። ሦስት ሺህ እስረኛ እዚያ ውስጥ ሲገባ ግማሽ በመቶም አይሞላም። በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ደረጃ ክልሉ ያንሳልና ጉዳዩ ይከብዳል፤ ማረሚያ ቤቶች በተደረደሩበት በሄገርስታውን የነበረው «2ቢ» የተባለው የተወካዮች ክልል ከሕዝቡ 18 በመቶው እስረኛ ነበር። ወደ ካውንቲና ወደ ከተማ ምክር ቤት ስትወርዱ ደግሞ ቁጥሩ ያብዳል። በአይዋ ክፍለ ግዛት አናሞሳ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች፦ ከአራት የምርጫ ቀበሌዎቿ አንዱ 1,400 ገደማ ሰው ሲኖረው ከ1,300 በላዩ እስረኛ ነው። በ2005 አንድ ሰው እጩ እንኳ ሳይሆን፣ ስሙን በእጃቸው በጻፉለት ሁለት ሰዎች ድምፅ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ። የተናደደው ማን ነው? የክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ዴሞይን አይደለም፤ በሌሎቹ ሦስት ቀበሌዎች የሚኖረው የአናሞሳ ሰው ነው። ከተማዋ በኋላ የአመራረጥ ዘዴውን ራሷ ለወጠችው። ስለዚህ ነገሩ ሲጠቃለል የምርጫ ክልሉ ባነሰ ቁጥር ጉዳቱ ይበልጣል፤ ትንሹን ክልል የሚጋሩት ደግሞ የገጠር ጎረቤታሞች ናቸው።

ሁለተኛው የሚያናድደኝ የገንዘቡ ወሬ ነው። «እስረኛ በተቆጠረ ቁጥር ለገጠሩ ከተማ የፌዴራል ብር ይፈስሳል» ይባላል። በሕዝብ ብዛት የሚከፋፈለው አብዛኛው የፌዴራል ገንዘብ የሚሄደው ለክፍለ ግዛት ነው። እስረኛው ባልቲሞርም ይቆጠር ዌስትኦቨር የሜሪላንድ ድምር አይለወጥም። ለትምህርት የሚሰጠው ገንዘብ ተማሪን ያያል። በድህነት መጠን የሚሰጠውም እስረኛን አይነካም፤ ምክንያቱም ቆጠራ ቢሮው የድህነት መጠን ሲያሰላ በማረሚያ ቤት ያለን ሰው ከስሌቱ ያወጣዋል። (የነፍስ ወከፍ ገቢው ግን አያወጣውም። የእስር ቤት ከተማ የነፍስ ወከፍ ገቢ ዝቅ ብሎ ብታዩ፣ ወንዱም ከሴቱ በእጅጉ ቢበዛ፣ ስለ ከተማው ሰው አንድም ነገር ከመደምደማችሁ በፊት ማረሚያ ቤቱን ቀንሱ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ይኸው።)

ማረሚያ ቤት ለገጠር የሚያመጣው ገንዘብ ደመወዝ ነው። በሶመርሴት ከትልልቆቹ ቀጣሪዎች ሁለቱ ማረሚያ ቤቱና ፕሪንሰስ አን ያለው ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በሜሪላንድ ምዕራብ፣ ከምበርላንድ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ክሬሳፕታውን ያሉት ሁለት ማረሚያ ቤቶች የቆሙት ቀድሞ የሴላኒዝ የክር ፋብሪካ በነበረበት መሬት ላይ ነው። ፋብሪካ ሲዘጋ ጡረታና የጤና ዋስትና ያለው ሥራ የት ይገኛል ብሎ የተጨነቀ ሰው ማረሚያ ቤቱን ቢፈልገው አይፈረድበትም። ያ ሰው የቆጠራ ሰንጠረዥ አይቶ አያውቅም። እስረኛውን ነገ በባልቲሞር ቢቆጥሩት የዘበኛው ደመወዝ በአንድ ሳንቲም አይቀንስም። ሁሉም ማረሚያ ቤት ገጠር ነው ማለትም አይደለም፤ የጄሰፕ ማረሚያ ቤቶች በባልቲሞርና በዋሽንግተን መሐል ናቸው፣ ባልቲሞር መሐል ያለውን እስር ቤትም የሚያስተዳድረው ክፍለ ግዛቱ ነው።

ደግሞ አንድ የማይቀር ክርክር አለ፦ «ውኃውን የሚጠጣው እዚያ፣ የሚያድረው እዚያ፣ ታዲያ የት ይቆጠር?» ጥሩ። የራሱ የሜሪላንድ አሠራር ምን ይላል? ፍርዱን በመጠበቅ ላይ ያለ ወይም በቀላል ወንጀል የታሰረ ሰው እስር ቤት ሆኖ መምረጥ ይችላል፤ የሚመርጠው ግን በቤቱ አድራሻ ነው። የኒውዮርክ ሕገ መንግሥትም ሰው በመታሰሩ ብቻ መኖሪያ አያገኝም፣ አያጣምም ይላል። እስረኛ ሁሉ በሚመርጥባቸው በሜይንና በቨርሞንትም ድምፁ የሚሄደው ወደ ቤቱ ነው። «ተማሪስ? ወታደርስ?» ለሚለኝ፦ ተማሪ ባለበት ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል፣ ቤት ይከራያል፣ ከምክር ቤቱ ጋር ይጣላል። ወታደርን በተመለከተ ደግሞ ቆጠራ ቢሮው ራሱ በ2020 ለዘመቻ ውጭ አገር የተላከውን ሰው በቤቱ አድራሻ ቆጥሮታል። ለእስረኛው ግን በ2018 «የድሮው ደንብ ይጽና» አለ። የሚያድርበትን ቦታ የማይነካ ቅዱስ ሕግ አስመስሎ የሚያቀርበው ሰው ይህን ያስብ።

አስተያየት ሰጪው ያልጠቀሰው ትልቁ ነገር፣ በሜሪላንድ ይህ ያለፈ ታሪክ መሆኑ ነው። በ2010 ሜሪላንድ እስረኛን ለምርጫ ካርታ ብቻ ወደ ቀድሞ አድራሻው የምትመልስ የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ሆነች፤ ለኮንግረስም፣ ለክፍለ ግዛቱም፣ ለካውንቲም። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ተከተለች። የሜሪላንድ ሕግ በፍርድ ቤት ተፈትኖ በ2012 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናው። ለ2020ው ዙር እንዲህ ያለውን ማስተካከያ ያደረጉት ክፍለ ግዛቶች በሙሉም ይሁን በከፊል ከአሥር ያላነሱ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ስለ ሜሪላንድ «አሁንም እየሰረቁን ነው» የሚል ሰው ቢያንስ ሁለት ካርታ ዘግይቷል።

ባልቲሞርስ ተረፈች? አልተረፈችም። በ2000 651,154 የነበረው ሕዝቧ በ2010 ወደ 620,961 ወርዶ ነበርና፣ እስረኞቿ በወረቀት ተመልሰውላትም በአዲሱ ካርታ የክፍለ ግዛት ሴኔት ክልሎቿ ከስድስት ወደ አምስት ዝቅ አሉ። ሕዝብ የቀነሰበትን ከተማ እስረኛ መመለስ አያድነውም። ማስተካከያው ጎልቶ የሚታየው፣ እንዳልኩት፣ እንደ ሶመርሴት ባሉ ቦታዎች ነው።

ማስተካከያው ራሱ ንጹሕ ሒሳብ መስሏችሁ ከሆነ ደግሞ እሱም አይደለም። በ2020 ቆጠራ ቢሮው የግለሰብ ምስጢር ለመጠበቅ ሲል በትንንሽ ብሎኮች (የቆጠራው ትንሿ የመሬት ክፍል) ቁጥር ላይ ሆን ብሎ ኖይዝ፣ ማለትም ቁጥሩን በጥቂቱ የሚያዛባ የዘፈቀደ ለውጥ፣ ጨምሯል። በአንድ ብሎክ ውስጥ ስንት ማረሚያ ቤት እንዳለ አልነካም፣ ስንት ሰው እንዳለበት ግን ነካክቶታል። ከዚያ ላይ የማረሚያ መምሪያውን የራሱን የስም ዝርዝር ስትቀንሱ ከዜሮ በታች የሆነ ሕዝብ ያለው ብሎክ ሊወጣላችሁ ይችላል፤ ሰብሰብ አድርጎ በክልል ደረጃ ካልታየ ያስቃል። አድራሻውም ሌላ ጣጣ ነው። ሰውየው ሲታሰር ጸሐፊው የጻፈው «ባልቲሞር» ብቻ ከሆነ፣ ወይም «መኖሪያ የሌለው» ከሆነ ካርታው ላይ የሚያርፍበት ነጥብ የለም። አንዳንዱ ክፍለ ግዛት እንዲህ ያለውን ሰው እዚያው ማረሚያ ቤቱ ይተወዋል፣ ሌላው ከየትኛውም ክልል አውጥቶ ለጠቅላላ ድምር ብቻ ይይዘዋል። ከ2030 በፊት መሟገት የሚፈልግ ሰው ስለ ኮንግረስ ከሚጮህ ይልቅ፣ ማረሚያ ቤቶቹ እስረኛ ሲቀበሉ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አሟልተው እንዲመዘግቡ ቢወተውት የበለጠ ሥራ ይሠራል።