«አንዴ ከተቀቡት ጥርስ አይበላም» እና ሌሎች ስህተቶች

ሰሞኑን ድሬዳዋና ሐረር ላይ ለጥርስ ሕክምና የሚመጣ ወጣት ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፦ «አሜሪካኖች የሠሩት፣ ጥርስ ላይ ተቀብቶ መቦርቦርን ያስቀራል የሚባለው ባክቴሪያ መቼ ይገባል?» እስከዚያ ድረስ ብሩሹን የሰቀለም አይጠፋም።

ትንንሾቹን ስህተቶች እናስቀድም።

«ጥርስን የሚበላው ትል ነው።» ትል የለም፤ አሲድ ነው።

«ጥርሴ ስለበለዘ ተበልቷል።» ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። ያ መቦርቦር አይደለም።

«ባክቴሪያው አልኮል ስለሚያወጣ ያሰክራል።» መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ አያሰክርም። ሐራም ነው ወይ ለሚለው መልሱ ከሼኾች ነው።

አሁን ወደ ዋናው፦ «አንዴ ከተቀቡት አለቀ።»

ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የተባለው ባክቴሪያ ስኳር በልቶ ላክቲክ አሲድ ይጥላል። በጥርሱ ላይ ያለው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ሲወርድ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ ሲወርድ ኢናሜሉ (ጠንካራው የጥርስ ሽፋን) ማዕድኑን ይለቃል። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሂልማንና ባልደረቦቹ አሲዱን የሚያሠራውን ጂን አውጥተው፣ ዛይሞሞናስ ሞቢሊስ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ የተወሰደ ጂን ተኩበት። ስለዚህ የሚወጣው በዋናነት ኢታኖል (ያው አልኮሉ) እና አሴቶይን የሚባል ውህድ ሆነ። ይህ የተሠራው ባክቴሪያ ሚውታሲን 1140 የሚባል መርዝም ያመነጫል፤ ነባር ዘመዶቹን የሚያስለቅቀው በእሱ ነው። ሥራው በ2000 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ አይጦች ላይ መቦርቦርን ቀንሷል።

ብልህ ሥራ ነው። ነገር ግን አይጥ ሌላ፣ ሰው ሌላ። የሰው ጥርስ እንዳይቦረቦር ማድረጉን ያሳየ፣ ተጀምሮ ያለቀ ክሊኒካል ሙከራ የለም። ቢሠራ እንኳ አሲድ የሚያወጣው ሚውታንስ ብቻ አይደለም፤ ላክቶባሲለስና ሌሎችም አሉ፤ እነሱ ስኳሩን እንደ በፊቱ አሲድ ያደርጉታል። የድድ በሽታም ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በጥርስና በድድ መካከል የሚጠራቀመውን ቆሻሻ ብሩሽ እንጂ ባክቴሪያ አያነሳውም። የተሠራው ባክቴሪያ በምራቅ ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፍም ይችላል፤ አልፈልገውም ተብሎ በቀላሉ አይመለስም።

እስከዚያው የሚያዋጣው የታወቀ ነው። ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና (ቱቦው ላይ ተጽፏል)፣ በቀን ሁለቴ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ፤ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት። አረፋውን መትፋት እንጂ በውሃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ታህል ይበቃል። መፋቂያም ጥሩ ነው፤ ፍሎራይድ ግን የለውም።

በርጫ ላይ ጥርስን የሚጨርሰው የስኳሩ ድግግሞሽ ነው። አንድ ጉንጭ ለስላሳ ከተጠጣ በኋላ አሲዱ እስኪረግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በየአሥር ደቂቃው የሚጎነጭ ሰው ከሰዓቱን ሙሉ ጥርሱን አሲድ ውስጥ ነክሮ ዋለ ማለት ነው። ውሃ ይያዝ። ሐላዋም ቢሆን ከምሳ ጋር አንዴ ተበልቶ ይለቅ፤ ቀኑን ሙሉ አይቆራረስ።

የተቦረቦረውን ጥርስ ደግሞ የትኛውም ባክቴሪያ አይደፍነውም። ቀዝቃዛ ሲነካው ጠዝጥዞ ወዲያው የሚተው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሙሌት ይተርፋል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ነርቩ ተነክቷል፤ የሥር ሕክምና ወይም መነቀል ነው የሚቀረው።