የእንግዳ አቀባበልና የሆቴል አገልግሎት በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ በአማራ ክልል ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ ዞን ነው። ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ብርዳማ ሜዳ ላይ ተቀምጧል። በኦሮሚያ ክልል በዚሁ ስም የሚጠራ ዞን አለ፤ ይህ ጽሑፍ እሱን አይመለከትም። ከዚህ በታች የሚወሳው በዞኑ እንግዳ የማሳደር ልማድ ከቤተ መንግሥት ድርጎ ተነሥቶ ዛሬ ካለው ሆቴልና ሎጅ እስኪደርስ የተጓዘበት መንገድ፣ በተለይም ከፍ ያለ ማዕረግ ወይም ከፍ ያለ ገንዘብ ይዞ የሚመጣው እንግዳ የሚጠብቀው ነገር የተለወጠበት ሁኔታ ነው።

በገጠሩ ቤት መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ውሃ ለብ ተደርጎ እግሩ ይታጠባል፣ ከምድጃው አጠገብ ያለው መደብ ይለቀቅለታል፣ በመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ይደረብለታል። ዋጋ አይጠየቅም፤ መጠየቅ ነውር ነበር።

ስለ ቤተ መንግሥቱ አቀባበል የተጻፈው ግን እጅግ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847) የንጉሡ መቀመጫ ወደ ነበሩት ወደ አንኮበርና ወደ አንጎለላ የመጡት አውሮፓውያን ያዩትን ሁሉ ይመዘግቡ ነበር። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 መጣ፤ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በዚያው ዓመት ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1841 ደግሞ በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ገባ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ።

እነዚህ እንግዶች ያገኙት መስተንግዶ ድርጎ ይባል ነበር። ድርጎ ንጉሡ ለእንግዳው የሚቆርጠው ዕለታዊ ቀለብ ነው፤ እንጀራና ዳቦ፣ ማርና ቅቤ፣ ጠጅና በግ እንደ እንግዳው ማዕረግ ይመደብለታል። ከድርጎው ጋር ባልደረባ ይሰጠዋል። ባልደረባ እንግዳውን ከንጉሡ ጋር የሚያገናኝ፣ ጉዳዩን የሚያቀርብለት፣ ቢጎድልበት የሚጠየቅለት ሰው ነው። ዛሬ ትልልቅ ሆቴሎች ለአንድ እንግዳ አንድ አገልጋይ መድበው እንደ አዲስ ግኝት በውድ የሚሸጡትን አገልግሎት አንኮበር በገንዘብ ሳትለውጥ ታውቀው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርግጥ ነው፣ ነገሩ ሌላ ፊት ነበረው። እንግዳ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ከአገር መውጣት አይችልም፤ ባልደረባውም አገልጋይ ብቻ ሳይሆን ጠባቂ ነበር። ሒሳቡ የሚዘጋው በገጸ በረከት ነው። ሃሪስ ጠመንጃና መድፍ ይዞ የመጣው ይህን አስቀድሞ ስላወቀ ነው። የሃሪስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ላይ ከወጣ በኋላ፣ በዚያው ዘመን ሸዋ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በብዙ ነገር አልተስማማበትም፤ ሃሪስ ማጋነን መውደዱን የኋላ አንባቢዎችም ተቀብለውታል። ስለ ድርጎው መኖር ግን ሁሉም አንድ ቃል ናቸው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት በአንጎለላ ነው፤ አንዳንዶች ትክክለኛውን ቦታ በአቅራቢያው ያለው እንቁላል ኮሶ ነው ይላሉ። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ የእንግዳ መቀበያው ማዕከል አብሮ ሄደ። በ1890ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። መኳንንቱ በልተው መክፈል ስላልለመዱ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እየከፈሉ አስለመዷቸው ይባላል፤ በድርጎ ያደጉ የሸዋ ሰዎች መሆናቸውን ለሚያውቅ ይህ አያስደንቅም። ያን ጊዜ የዓለም የቅንጦት መለኪያ ፓሪስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1898 የተከፈተው ሪትዝ ሆቴል ነበር፤ የሪትዝ ወሬውም ክፍሎቹ የየራሳቸው መታጠቢያ ያላቸው መሆኑ ነው። የመስተንግዶ መለኪያ ከሚያገለግለው ሰው ወደ ክፍሉ ዕቃ የሚያደርገው ጉዞ እዚህ ላይ ይጀምራል።

የጣሊያን ወረራ ለአገሩ የጣርማ በርን ዋሻና የደሴን መንገድ፣ ለቋንቋውም «አልቤርጎ» (የሚከራይ ማደሪያ ክፍል) የሚለውን ቃል ትቶ ሄደ። በመንገዱ ዳር ባሉት በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት የሾፌርና የነጋዴ ማደሪያ የሆኑ ቡና ቤቶች ተከፈቱ፤ ፊት ለፊት መጠጥ ቤት፣ ጓሮው ዙሪያውን አልቤርጎ፣ ጥግ ላይ የጋራ ሽንት ቤት። የዚያ እንግዳ ጥያቄ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንሶላው ንጹሕ ነው ወይ? መኪናው ግቢ ይገባል ወይ? በደርግ ዘመን ትርፍ ቤትና ትልልቅ ሆቴሎች ተወረሱ።

ከ1980ዎቹ ወዲህ የግል ባለሀብት ወደ ዘርፉ ተመለሰ፤ በ1999 ዓ.ም. የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምር፣ ፋብሪካዎችም ሲበራከቱ፣ በከተማዋ ባለ ፎቅ ሆቴሎች ቆሙ። ሆቴሎቹን የሚያኖረው በዋናነት አገር ጎብኚ ሳይሆን ተሰብሳቢ ነው። ሥልጠናና ዐውደ ጥናት ላይ የሚመጣው እንግዳ በአበል ያድራል፤ ስለዚህ ደረሰኝ፣ አዳራሽ፣ ሁለት ጊዜ የሻይ ዕረፍት፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የጾም ቡፌ ይፈልጋል። በ2007 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ድጋፍ የኮከብ ምደባ ከጀመረ ወዲህ ባለ ሆቴሎች የእንግዳ መቀበያቸውን በእብነ በረድ፣ ክፍላቸውን በትልቅ ቴሌቪዥን ማስዋብን ቅድሚያ ሰጡት። እንግዳው ግን በደብረ ብርሃን ብርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሙቅ ውሃ አለ?» ብሎ ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ ዋይፋይ፣ ሦስተኛው ጄኔሬተር ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የኅዳር ሌሊት ባረፈበት ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል፣ ግድግዳ ከሚሸፍን ቴሌቪዥን ሥር ቁጭ ብሎ ሻወሩ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ጠብቋል። ውሃው አልሞቀም። በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋ በባልዲ የፈላ ውሃና ጣሳ ይዛ አራት ፎቅ ደረጃ ወጥታ፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ እግርዎን እንኳ ይታጠቡበት» አለችው። ከዚያ ሆቴል የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው።

ከፍተኛ ከፋይ የሆነው እንግዳ ፍላጎት በዓለም ዙሪያ ከወርቅ ቅብና ከእብነ በረድ ወደ ጸጥታ፣ ወደ አካባቢው ምግብና ወደ ተፈጥሮ ማዘንበሉ ለሰሜን ሸዋ የሚስማማ ለውጥ ነው። የአንኮበር ፓላስ ሎጅ የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ፣ የጥንቱን አሠራር ተከትሎ የቆመ ነው፤ እንግዳው ከመኪናው ወርዶ ኮረብታውን በእግሩ መውጣት አለበት፤ በዚህ የሚያጉረመርም አይጠፋም፣ ጠዋት ደመናው ከእግሩ ሥር ወደ አፋር ቆላ ሲዘረጋ ሲያይ ግን ዝም ይላል። ወደዚያ ከሚመጡት ብዙዎቹ ወፍ ተመልካቾች ናቸው፤ በአንኮበር ስም የተሰየመችና እ.ኤ.አ. በ1979 በሳይንስ የተመዘገበች ትንሽ ወፍ አለችና። በመንዝ ጓሳ ደግሞ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚጠብቀው ጥብቅ ሥፍራ አለ፤ ሣር ማጨዱን ለዓመታት ዘግቶ በውሳኔ የሚከፍት «ቀሮ» የተባለ ሥርዐት ለዘመናት ጠብቆታል። ሥርዐቱ ወደ 400 ዓመት እንደሚጠጋው ይነገራል፤ ለመንዝ ሰው ይህ የሚያከራክር አይደለም። በማኅበረሰቡ ማረፊያ ኮከብ የለም። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ፣ እሳትና የገብስ ቆሎ አለ፤ ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳም ዋጋ የሚከፍለው ለዚሁ ነው። በየከተማው ሆቴል በውጭ ብርድ ልብስ የተተካው ባና ከሎጆች አልጋ ላይ የተመለሰውም በዚህ እንግዳ ፍላጎት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ደረሰ፤ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተሞላች፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም ጎብኚን አራቀ። ዛሬ በቴሌብር ቀብድ ልኮ ክፍል የሚያስይዘው የአዲስ አበባ እንግዳ ስልክ ሲደውል የሙቅ ውሃው ጥያቄ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወርዷል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ነው፤ እንግዳ ተቀባዩም መልስ ከመስጠቱ በፊት ዕለቱን ከዚያው የመጣ ሾፌር ፈልጎ ያጣራል።