ቦሮው ወይስ ሌንድ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

"ሁለቱም ያው ብድር ናቸው"

አይደሉም ባካችሁ። በእንግሊዝኛ ቦሮው (borrow) የተቀባዩ ነው፣ መበደር ወይ መዋስ፣ ሌንድ (lend) ደሞ የሰጪው፣ ማበደር ወይ ማዋስ። እኛ ጋ ተበደረ አበደረ፣ ተዋሰ አዋሰ እያልን ፊደል ብቻ ነው የምንቀይረው፣ እንግሊዝኛው ግን በመልክም በድምፅም የማይገናኙ ሁለት ቃላት ስላሉት ነው የሚምታታብን። እስክሪብቶ ፈልገህ "ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን" ካልክ ሰውየውን የገዛ እስክሪብቶህን ተዋሰኝ እንዳልከው ቁጠረው። ወይ "ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን" ወይ "ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን" ነው የሚባለው።

"ከአይ ቀጥሎ ቦሮው፣ ከዩ ቀጥሎ ሌንድ"

ይሄን የሚያስሸመድዱ አሉ፣ እስክሪብቶ ለመለመን ይሰራል፣ ግን ብሩን የሰጠሁት እኔ ከሆንኩስ? "አይ ሌንት ሂም መኒ" ነው። ማየት ያለብህ እቃው ከማን ወደ ማን እንደሄደ ነው። በነገራችን ላይ ሌንድድ የሚባል ነገር የለም፣ ያለፈው ሌንት ነው።

"ቦሮው ለብር ብቻ ነው"

እኛ ለብር ብድር፣ ለመፅሐፍ ውሰት ስለምንል ነው እንጂ እንግሊዝኛው አይለይም፣ ብሩም መፅሐፉም መሰላሉም ቦሮው ነው። ሽንት ቤትን የመሰለ ይዘኸው የማትሄደውን ነገር ግን "ካን አይ ዩዝ" ብትል ይሻልሃል።

"ፈረንጅ ቦሮው ሚ አይልም"

ይላል! አሜሪካ ሚኒሶታና ዊስኮንሲን አካባቢ እዛው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ሲሉት ትሰማለህ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያት ተብሎ የሚጠቀሰው ድሮ ከጀርመንና ከስካንዲኔቪያ የመጡት ሰፋሪዎች ነው፣ ምክንያቱም የጀርመኑ ላየን (leihen) የሚለው ግስ ለመስጠቱም ለመቀበሉም ያገለግላል። ግን የሰፈር አነጋገር ነው፣ ፈተና ላይ እንዳትፅፈው።

"ሎን ግስ አይሆንም"

ሎን (loan) ብድር ማለት ነው፣ ግስም ይሆናል፣ አሜሪካኖች "ሎን ሚ ተን ዶላርስ" ሲሉ ኖርማል ነው፣ እንግሊዞቹ ናቸው ቅር የሚላቸው። "ሌንድ ሚ ኤ ሃንድ" ማለትም አግዘኝ ሲባል ግን ሎን አይገባም።

"ቦሮው ቱ"

አይባልም። ከሰው ስትወስድ ቦሮው ፍሮም፣ ለሰው ስትሰጥ ሌንድ ቱ። ውጭ ሆናችሁ ቤት በባንክ ብድር የምትገዙ ደሞ ወረቀቱ ላይ ሌንደር የሚለው ባንኩ ነው፣ ቦሮወር የሚለው እናንተ፣ የምትፈርሙት እሱ ስር ነው።