መድኃኒቱ ከፋርማሲ እስከ ደም ሥር፦ የነርሶችና የፋርማሲስቶች ተከታታይ ሥልጠና

አንድ ታማሚ አልጋው ላይ ተኝቷል። ከራስጌው ሁለት ከረጢቶች ተሰቅለዋል። ትልቁ ሳላይን (የጨው ውኃ) ነው፤ ትንሹ አንቲባዮቲክ። ነርሷ ትንሹን ከዋናው መስመር ጋር ትቀጥላለች፣ ፈሳሹን ወደ ደም ሥር የሚገፋው ፓምፕ ላይ ፍጥነቱን ትሞላለች፣ ታስጀምርና ወደ ቀጣዩ አልጋ ትሄዳለች። ፓምፑ ይሠራል። አላርም አይጮኽም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትመለስ ትንሹ ከረጢት እንደሞላ ነው። የቱቦው መቆለፊያ አልተከፈተም። ፓምፑ በአንቲባዮቲኩ ፍጥነት ሳላይኑን ሲስብ ቆይቷል። ትልቁ ከረጢት ውስጥ ፖታሲየም ተጨምሮበት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ከዘገየ አንቲባዮቲክ እጅግ የከፋ ይሆን ነበር።

ነርሷ ሰነፍ አይደለችም። መቆለፊያው መከፈት እንዳለበትም አሳምራ ታውቃለች። ለነርሶችና ለፋርማሲስቶች የሚሰጠው የመድኃኒት ደህንነት ሥልጠና በዋናነት የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። ዕውቀቱ አለ፣ ጥንቃቄውም አለ፣ ስህተቱ ግን ያመልጣል።

ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ባለሙያው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ የሚቀጥለው ትምህርት ነው። በብዙ አገሮች የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ ግዴታ ነው። በዩናይትድ ኪንግደም ነርሶች በየ3 ዓመቱ ምዝገባቸውን ሲያሳድሱ 35 ሰዓት መማራቸውን ማሳየት አለባቸው። ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓቱ ከሌሎች ጋር ሆነው የተማሩት መሆን ይኖርበታል። አሠራሩ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በአሜሪካ ለፋርማሲስቶች ኮርስ የሚያዘጋጁ ተቋማትን መዝኖ ዕውቅና የሚሰጥ የፋርማሲ ትምህርት ምክር ቤት አለ። ምክር ቤቱ ኮርሶችን በርዕስ ሲከፍል የታማሚ ደህንነትን ለብቻው አስቀምጦታል። የነርሶቹን የሚመዝን ሌላ ማዕከል አለ። አንድ ኮርስ ለሁለቱም ሙያዎች እንዲያገለግል የጋራ ዕውቅና የሚሰጥበት መንገድም ተከፍቷል።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምደግፈው ይህን የጋራውን ነው። መድኃኒት ከፋርማሲ ወጥቶ ደም ሥር እስኪገባ ድረስ መንገዱን ሙሉ የሚያይ አንድ ሰው የለም። ፋርማሲስቱ መጠኑን ያውቃል፤ በምን ፈሳሽ እንደሚበጠበጥና ከምን ጋር እንደማይስማማም ያውቃል። አልጋው ጋ ያለውን የቱቦ ጫካ ግን ብዙ ጊዜ አያየውም። ነርሷ ቱቦውን ከነጠባዩ ታውቀዋለች። ፌኒቶይን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምን ግሉኮስ ውስጥ እንደማይገባ ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳት ላይኖር ይችላል። መድኃኒቱ ከግሉኮስ ጋር ሲገናኝ ከፈሳሹ እየተለየ ይዘቅጣል፤ ለዚህ ነው በሳላይን ብቻ የሚሰጠው። ሁለቱ በየክፍላቸው ተለይተው ሲማሩ በመሃል ያለው ክፍተት ሳይነካ ይቀራል።

ስህተቱ የሚገባው በየት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች የመድኃኒት ስህተቶች ከየት እንደሚነሱ ተከታትሎ ነበር። 39 በመቶው ሐኪሙ ሲያዝ የተፈጠረ ነው። 12 በመቶው ትዕዛዙ ወደ ሌላ መዝገብ ሲገለበጥ፣ 11 በመቶው ፋርማሲ ሲያዘጋጅ፣ 38 በመቶው ደግሞ መድኃኒቱ ለታማሚው ሲሰጥ። ሲታዘዝ ከተፈጠሩት ስህተቶች ግማሽ ያህሉ ታማሚው ጋ ሳይደርሱ ተይዘዋል። በመስጫው ሰዓት የሚፈጠረውን ግን የሚይዝ የለም ማለት ይቻላል። ከነርሷ እጅ በኋላ ያለው ታማሚው ብቻ ነዋ!

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ከባድና ሊቀር የሚችል የመድኃኒት ጉዳትን በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ አስጀምሮ ነበር። በዚያን ጊዜ የመድኃኒት ስህተት በዓለም ላይ በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጪ እንደሚያስከትል ገምቷል።

ይቅር የማይሉ መድኃኒቶች

እንዲህ ያለ ኮርስ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የሚይዙት ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሹ መድኃኒቶች ናቸው። ኢንሱሊን፣ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል)፣ ኦፒዮይድ (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ)፣ የካንሰር መድኃኒት፣ ጡንቻ የሚያሽመደምዱ መድኃኒቶች፣ ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ። በእነዚህ ስህተት ከሌሎቹ ይበዛል ማለት አይደለም። ሲሳሳቱባቸው ግን ይቅር አይሉም።

ፖታሲየምን እንይ። ያልተበረዘው ፖታሲየም ውኃ ይመስላል። ጠርሙሱም መበጥበጫ ውኃ ወይም ሳላይን ከሚመጣበት ጠርሙስ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። አንድ ሰው ተቻኩሎ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠውን ቀጭን ቱቦ) ለማጠብ ቢወጋው ልብ ሊያቆም ይችላል። መፍትሔው «ተጠንቀቁ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ብቻ ሊሆን አይችልም። ያልተበረዘውን ከዋርዱ መደርደሪያ ጨርሶ ማንሳትና ከፋርማሲ ተበርዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው የጋራ ኮሚሽን ይህን ያሳሰበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

ሄፓሪን ደግሞ የሁለቱን ሙያዎች ትስስር በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ጨቅላ ሕፃናት ሞቱ። መስመራቸው ሊታጠብ የሚገባው በ1 ሚሊ ሊትር 10 ዩኒት በያዘው ሄፓሪን ነበር። የተሰጣቸው 10,000 ዩኒት የያዘው ነው። አንድ ሺህ እጥፍ! ከፋርማሲ የመጣው የተሳሳተ ጠርሙስ የሕፃናቱ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ጠርሙሶች ሰማያዊ መለያ ነበራቸው፤ ልዩነቱ የሰማያዊው መድመቅና መፍዘዝ ነበር። ነርሶቹ ያንን መሳቢያ ሲከፍቱ የሚያገኙት ሁልጊዜ የሕፃኑን ሄፓሪን ነበር። እጅ ለመደ፣ ዓይን አመነ። ይህን ታሪክ ፋርማሲስቶችና ነርሶች አንድ ክፍል ተቀምጠው ሲሰሙት ዝምታው ይከብዳል። ሁሉም የየራሱን መሳቢያ ያስባል።

የአጻጻፍ ጉዳይም አለ። 1 ሚሊ ግራምን 1.0 ብሎ መጻፍ ነጥቧ ካልታየች 10 ሆኖ ይነበባል። ከነጥቡ በፊት ዜሮ ካልተጻፈ ደግሞ .5 የተባለው ግማሽ ሚሊ ግራም 5 ሆኖ ይነበባል። ዩኒት የሚለውን ቃል በመጀመሪያ የላቲን ፊደሉ ማሳጠርም እንዲሁ ነው፤ ፊደሉ ዜሮ ስለሚመስል 10 ዩኒት ኢንሱሊን 100 ሆኖ ያውቃል። ቃሉን ሙሉ መጻፍ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

ጠብታው፣ ቱቦውና ፓምፑ

ከክፍል ይልቅ እጅ ላይ መማር ያለበት ይህ ነው። 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይሰጥ ተብሏል እንበል። በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ፓምፕ ከሌለ ጠብታ መቁጠር ግድ ነው። 1 ሚሊ ሊትሩን በ20 ጠብታ የሚሰጥ ቱቦ ከሆነ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። በ60 ጠብታ የሚሰጠው ቀጭኑ ቱቦ ከሆነ 125። አሁን የ60ውን ስሌት ይዛችሁ የ20ውን ቱቦ ብትሰቅሉ የ8 ሰዓቱ ፈሳሽ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያልቃል። ልቡ ለደከመ ሰው ወይም ለሕፃን ይህ አደጋ ነው። ስሌቱ ልክ ነው፤ የቱቦው ማሸጊያ ላይ ያለችው ቁጥር ናት ያልተነበበችው።

በአዲሶቹ ፓምፖች ውስጥ የመድኃኒት ዝርዝር ከነገደቡ ተጭኗል። ገደቡ ሁለት ዓይነት ነው። ለስላሳው አስጠንቅቆ ያሳልፋል፤ ጠንካራው ጨርሶ አያሳልፍም። ዝርዝሩን በአብዛኛው የሚያዘጋጀው ፋርማሲ ነው፤ የሚጠቀምበት ነርስ ነው። ነርሷ ዝርዝሩን ትታ ፍጥነቱን በቀጥታ ከሞላች ግን ፓምፑ ምን እየሰጠ እንደሆነ አያውቅም። በሰዓት 5 ሚሊ ሊትር ለመሙላት 50 ቢጫን ዝም ብሎ ይሰጣል። ለምን ዝርዝሩን ትተዋለች? አንዳንዴ መድኃኒቱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንዳንዴ ገደቡ ከዋርዱ ሥራ ጋር አይገጥምም፤ ለማይረባ ነገር ይጮኻል፤ ቀኑን ሙሉ የጮኸ አላርም ደግሞ ሰሚ ያጣል። ይህ መልስ ፋርማሲው ጋ መድረስ አለበት። የጋራ ሥልጠና ከሌለ አይደርስም።

ቱቦ ውስጥ የሚቀረውም ይረሳል። 100 ሚሊ ሊትር ከረጢት «አለቀ» ተብሎ ሲነሳ 20 ሚሊ ሊትሩ ቱቦው ውስጥ ቢቀር ታማሚው የአንቲባዮቲኩን አንድ አምስተኛ አላገኘም። በየቀኑ፣ በየዶዙ። ፋርማሲስቱ ልክ አዘጋጅቷል፣ ነርሷ በሰዓቱ ሰጥታለች፣ ታማሚው ግን ጎደለበት።

ፍጥነትና መስማማትም እንዲሁ በምሳሌ ሲነገሩ ነው የሚያዙት። 1 ግራም ቫንኮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ቢያንስ በ60 ደቂቃ ይሰጣል። ሲቻኮሉበት ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ግፊት ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ይህ አለርጂ ሳይሆን የፍጥነት ውጤት ነው። «አለርጂ» ተብሎ ከተመዘገበ ግን ታማሚው ነገ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ሊከለከል ይችላል። ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክና ካልሲየም ያለበት የደም ሥር ፈሳሽ ደግሞ ዕድሜው 28 ቀን ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ጨቅላ አብረው አይታዘዙም። ሁለቱ ተገናኝተው ይረጋሉ፤ ይህ ሕይወት ቀጥፏል።

ሥልጠና ብቻውን የማይችለው

ይህን ሳልናገር ባልፍ ለአንባቢ ታማኝ አልሆንም። በደህንነት ባለሙያዎች የመፍትሔዎች መሰላል ላይ ሥልጠና የሚቀመጠው ታች ነው። ስህተቱን ጨርሶ የማያስችል መሣሪያ ላይኛው እርከን ላይ ነው፤ ለምሳሌ የጀርባ አጥንት ቱቦ ላይ እንዳይገጥም ሆኖ የተሠራ የደም ሥር መርፌ። ሥልጠና የሰው ትውስታ ላይ ይቆማል። ትውስታ ደግሞ በሌሊት ተራ አሥረኛው ሰዓት ላይ ይከዳል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ አንዲት ነርስ ለታማሚ የሚያረጋጋ መድኃኒት ልታወጣ ወደ መድኃኒት ማሽኑ ሄደች። መድኃኒቱ ሚዳዞላም ነው፤ እሷ ግን የንግድ ስሙን፣ የቨርሰድን፣ የመጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደሎች ጻፈች። ማሽኑ ያቀረበላት በእነዚያው ፊደሎች የሚጀምረውን ቬኩሮኒየም ነበር። ጡንቻን የሚያሽመደምድ፣ ትንፋሽን የሚያቆም መድኃኒት ነው። ታማሚዋ ሞተች። ነርሷ እ.ኤ.አ. በ2022 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለች። ልታቆማት የምትችል ምልክት ነበረች፤ ቬኩሮኒየም ዱቄት ነው፣ ልትሰጠው የነበረው ሚዳዞላም ግን ፈሳሽ ነው። ሥልጠና ይህችን ምልክት ሊያስተምር ይችላል። ማሽኑ በሁለት ፊደል እንዳይታለል ማድረግ ግን የሥልጠና ሥራ አይደለም። ከዚያ በኋላ ቢያንስ አምስት ፊደል ካልተጻፈ ማሽኑ ምርጫ እንዳያቀርብ ምክር ወጥቷል።

መቋረጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት መድኃኒት ሲሰጥ እያንዳንዱ መቋረጥ የሕክምና ስህተትን በ12.7 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ስለዚህ ጥሩ ኮርስ «አታቋርጡኝ» ማለትን ያለማምዳል። አዲስ ለተቀጠረች ነርስ ይህን ለሐኪም መናገር ከስሌቱ ይልቅ ይከብዳታል። ድርብ ፍተሻም ልምምድ ይፈልጋል። «125 ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ ፍተሻ አይደለም፤ ሁለተኛዋ ነርስ መልሱን ሳትሰማ ራሷ ልታሰላው ይገባል።

በመጨረሻ ሥልጠናው ሠራ ወይ? ፈተና ማለፍ ብቻ አያሳይም። አንድ ጥሩ መንገድ የፓምፖቹን መዝገብ ማውረድ ነው። መዝገቡ ዝርዝሩ ስንት ጊዜ እንደታለፈ፣ የትኛው ማስጠንቀቂያ እንደተዘለለ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። ፋርማሲስቱና ነርሷ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያነቡታል። በሌሊት ተደጋግሞ የተዘለለ አንድ ገደብ ያገኛሉ። ፋርማሲስቱ «ለምን ትዘሉታላችሁ?» ይላል። ነርሷ «ይህ ገደብ ለአዋቂ ነው፤ የእኛ ክፍል ልጆች ናቸው» ትለዋለች። እሱም ስክሪኑን ወደ ራሱ ያዞርና የልጆቹን ክብደት ይጠይቃታል።